ፈረቃ

ሃያ ሁለት ዓመት፣ ብረት ተሸክሜ፣
ለጎንደር ከተማ፣ በር ጠባቂ ቆሜ፣
ማክሰኞ ለአራዳ፣ ሐሙስ ለማራኪ፣
እኔ በር ከፋቹ፣ እኔ ውኃ ላኪ፤
ለላይ ሰፈር ደግሞ፣ በሁለት ሳምንቱ፣
ያውም መብራት ካለ፣ በውድቅት ሌሊቱ።
የሰው ጥማት ቁልፉ፣ ከወገቤ ታስሮ፣
የገዛ መዳፌ፣ ደረቀ ዘንድሮ።

ቆዳዬ ተላጠ፣ እንደ ባሕር ዛፍ፣
ደም ይቋጥር ጀመር፣ የጣቶቼ ጫፍ።
"ውኃ ጠጣ!" አለች፣ አትጠገብ ሚስቴ፤
ጠጣሁ፣ ደግሜ ጠጣሁ፣ ተንቦጫረቀ አንጀቴ።
ሌሊቱን በሙሉ፣ ተመላለስኩ ደጅ፤
ፊኛዬ ሞላ እንጂ፣ አልራሰልኝም እጅ።

ሆስፒታሉ ሄድኩኝ፣ ቆዳ ክፍል ተራ፣
ከአይከል ከመጡ፣ ባልና ሚስት ጋራ።
ዶክተር ሐረገወይን፣ መዳፌን ገልብጣ፣
ጥቂት ዝም አለች፣ ብዕሯን አውጥታ፤
ሣለች በማዘዣው፣ ጀርባ ላይ አንድ ግንብ፣
ጡብ በጡብ ላይ ያለ፣ ሕያው ድርብርብ።

"ይኸ ቆዳዎ" አለች፣ "በር አለው በየጡቡ፤
ፕሮቲን ነው በሩ፣ ስሙ አኳፖሪን፣ ጠባብ የጠባቡ።
ውኃ አይጎርፍበትም፤ የጠብታ ፍርፋሪ፣
ተራውን ጠብቆ ያልፋል፣ የለም አጭበርባሪ።
ግሊሰሪንም አለ፣ አብሮት የሚሻገር፣
ውኃውን የሚያቆይ፣ በጡቦቹ አገር።
ፀሐይ ሲመታቸው፣ ዕድሜም ሲጫናቸው፣
በሮቹ ይሳሳሉ፣ ያንሳል ቁጥራቸው።
ሆድዎ ውኃ ቢሞላ፣ ቢትረፈረፍ ጋኑ፣
በር ካነሰው ሰፈር፣ አይደርስም በቀኑ።"

ሣቅሁ።
"ምነው?" አለች።
ምን ብዬ ልንገራት?
ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ
የኔኑ ሥራ ለኔ ስታስረዳ።

ጋኑ እንደ ሞላ፣ ላይ ሰፈር ሲደርቅ፣
ቁልፉ ማን ዘንድ እንዳለ፣ እኔ ነኝ የማውቅ።
ወይዘሮ ጠጅቱ፣ የሰው አንሶላ አጣቢ፣
አራት የልጅ ልጆች፣ በሳሙና ቀላቢ፣
መዳፏን አሳየችኝ፣ ቫልቭ ስዘጋ ከጉድጓድ፤
ምንም አላለችኝም፤ ዝምታዋ ቀረ ከሆድ።

ስመለስ በፋሲል፣ መዋኛ በኩል ነው፤
ከጥምቀት የተረፈ፣ አረንጓዴ ውኃ አለው።
የዛፉ ሥር ወፍሮ፣ ግንቡን ጨምድዶ፣
ድንጋይ እየላሰ፣ ወርዶ፣ ወርዶ፣ ወርዶ፣
ይጠጣል በዝምታ፤ በሥሩ ውስጥ እንኳ፣
ሐኪሟ እንዳለችኝ፣ ዛፍም በር አለው ለካ።
ቆሜ አየሁት ብዙ። ዘበኛው ተጠራጠረኝ፤
"ቧንቧ ፈነዳ እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ።

ማታ ግሊሰሪኑን፣ በውኃ አቅጥኜ፣
እስከ ክርኔ አሸሁት፣ አልጋ ጫፍ ሆኜ።
ከሌሊቱ ስምንት፣ ፈረቃው ሲለወጥ፣
የላይ ሰፈርን ቫልቭ፣ ልዘጋ ስጨብጥ፣
ብረቱ አዳለጠኝ።
ደግሜ ያዝሁት።
አዳለጠኝ።
ጨርቅ ኪሴ ውስጥ ነበር።
አላወጣሁትም።

ከጉድጓዱ ጠርዝ ላይ፣ ቁጭ ብዬ ሰማሁ፣
ከቀሃ ማዶ ውሻ፣ ከእግሬ ሥር ውኃ፤
መጀመሪያ አየር ነው፣ ቧንቧው ሳል ጀመረው፣
እንደ ሽማግሌ፣ አክታ እንዳነቀው፤
ቀጥሎ ዝም አለ፤ ሽቅብ ወጣ መሰል፣
ዳገቱን በሆዱ፣ እንደ እባብ ሊከተል።
ቆይቶ፣ በጣም ቆይቶ፣ ከላይ ከአንድ ጓሮ፣
ባዶ ባልዲ ጮኸ፣ እንደ ሰርግ ከበሮ።
መብራት በራ አንድ ቤት።
ከዚያ ሌላ ቤት።

ጠዋት አቶ አዛናው፣ መዝገቡን ገልጦ፣
"ለምን ከፍተህ አደርክ?" አለኝ አፍጥጦ።
እጄን ዘረጋሁለት፤ ያበራል፣ ወዝቷል፤
"ሐኪም ያዘዘው ነው" አልኩት፣ "ያዳልጣል።"